የቀሩትንም ዘርግፋቸው

የእኛ ብሎክ እቁብ የሚወጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮሚናሉ በር ላይ ነው። ዳኛው ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፣ ጸሐፊው የተጠቀለሉትን ወረቀቶች ይጨምርበታል፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ኳስ ከሚያባርሩት ልጆች ትንሹ ይጠራና እጁን ይከታል። ስም ይነበባል፤ ወይ እልል ይባላል፣ ወይ «አይ ዕድሌ!» ይባላል። ከዚያ ሁሉም ወደ ጀሪካኑ ይሮጣል። ቦሌ አራብሳ ላይ እሑድ የውኃ ፈረቃ ከገጠመ እቁብ የደረሰውም ያልደረሰውም እኩል ነው።

በቅርቡ ጸሐፊያችን ይህን ሥርዓት አዘመነው። ቀልጣፋ፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ፣ ሒሳብ ተሳስቶ የማያውቅ ልጅ ነው። ወረቀት መቁረጥ ሰልችቶት ይሁን እኛን ለማዝናናት ብሎ፣ የሁላችንንም ስም ኢንተርኔት ላይ ባለ የዕጣ መሽከርከሪያ ውስጥ አስገባና ታብሌቱን ግድግዳ አስደግፎ አዞረው። እውነት ለመናገር ያምራል። ባለ ብዙ ቀለም ክብ ነው፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የአንድ እቁብተኛ ስም አለ። ሲዞር ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ሲደክም ይንቀራፈፋል፣ አንዱ ስም ላይ ሊያርፍ ሲል ሸርተት ብሎ ያልፈዋል። ሲቆም ደግሞ ስክሪኑ ሙሉ ባለቀለም ብጥስጣሽ ይበተናል። ልጆቹ ኳሳቸውን ትተው መጡ። የሌላ ብሎክ ሰው ሳይቀር ቆሞ ያይ ነበር።

ደስ ያላላቸው አንድ እናት ብቻ ነበሩ። ምድር ላይ ተከራይተው የሚኖሩ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ናቸው። ኮንዶሚኒየም የተመዘገቡት በ1997 ነው፤ ዛሬም በየወሩ ይቆጥባሉ። ጭብጨባው ጋብ ሲል ወደ ጸሐፊው ጠጋ አሉና፣

«ልጄ፣ የቀሩትንም ዘርግፋቸው እንጂ» አሉት።

«ምኖቹን እማማ?»

«ወረቀቶቹን ነዋ።»

ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ትዝ ያለን። በኮፍያው ዘመን የባለዕጣው ስም ከተነበበ በኋላ ዳኛው ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ ይገለብጡታል። የፈለገ ሰው የቀሩትን ወረቀቶች እየፈታ የራሱን ስም ይፈልጋል። ማንም ደንብ ብሎ አልጻፈውም። ብዙዎቻችን ዞር ብለን አይተነውም አናውቅም። እሳቸው ግን ሁልጊዜ ስማቸውን ፈልገው፣ አግኝተው፣ ወረቀቷን ጨብጠው ነበር የሚሄዱት።

«እማማ፣ አሁን እኮ ወረቀት የለም። ይኸው ስምዎ፣ አረንጓዴው ላይ። ይመልከቱት።»

«ያሳየኸኝንማ አየሁ። እኔ የምጠይቅህ ያላሳየኸኝን ነው።»

ልጁ አልተቆጣም፣ እሳቸውም የከሰሱት ሰው የለም። ዳኛው «በሚቀጥለው በወረቀት ይሁን» ብለው ነገሩን ዘጉት፤ እቁቡም የወጣላት ልጅ ዋሶቿን ጠርታ ገንዘቧን ወሰደች። እኔ ግን ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር አልለቅ አለችኝ። ያላሳየኸኝን ነው የምጠይቅህ። ስለ አንድ የብሎክ እቁብ ብቻ የተነገረች አልመስል አለችኝ።

ጎማው ከመዞሩ በፊት

መጀመሪያ ያደረግሁት ማንም ስልክ ያለው ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ማታ ተኝቼ ስለ መሽከርከሪያው መፈተሽ ጀመርሁ። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ገጾች የሚሠሩት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ጣትህ ስክሪኑን በነካበት ቅጽበት ኮዱ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ያ ቁጥር አሸናፊውን ወስኗል። ከዚያ በኋላ የምናየው መንቀራፈፍ፣ ቀጭ ቀጩ፣ «ኧረ አለፈኝ!» የሚያሰኘው መሸራተት ሁሉ ጌጥ ነው። እኛ እየጮኽን ስንጠብቅ ኮምፒውተሩ ከጨረሰ ቆይቷል።

ቁጥሩስ ከየት መጣ? ኮምፒውተር በባሕርይው የታዘዘውን ብቻ ስለሚሠራ በራሱ ዕጣ መጣል አያውቅበትም። የሚያደርገው፣ አንድ መነሻ ቁጥር ይወስድና በቀመር እያገላበጠ ዕጣ የሚመስሉ ቁጥሮችን መደርደር ነው። መነሻውንና ቀመሩን የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ያውቃል። ለእቁብና ለልደት ጨዋታ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ፍለጋዬ ላይ ግን ሌላም አገኘሁ፤ ጓደኛን ለማሞኘት ተብለው የተሠሩ፣ አሸናፊውን አስቀድመህ የምትመርጥባቸው መሽከርከሪያዎች አሉ። እነሱም ቀጭ ቀጭ ይላሉ። እነሱም ብጥስጣሽ ይበትናሉ። ከውጭ ለሚያያቸው ከእውነተኛው ምንም አይለዩም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ንባብ በጣም አዝናናኝ፤ እንቅልፌንም ወሰደው። ደብሊን ያለው የትሪኒቲ ኮሌጅ ምሁር ማድስ ሃር እ.ኤ.አ. በ1998 ራንደም ዶት ኦርግ የሚባል ድረ ገጽ ከፍቷል። ዕጣውን የሚያወጣው ከሰማይ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም፤ የሬዲዮ መቀበያዎች ከጣቢያ ውጭ ሲሆኑ የሚያሰሙትን የከባቢ አየር ሽሽታ ወደ ቁጥር ይለውጣል። ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ መሥሪያ ቤቱ መግቢያ ላይ አንድ ግድግዳ ሙሉ ላቫ ላምፕ ደርድሯል፤ ውስጣቸው ቀልጦ የሚንሳፈፍ ባለቀለም ሰም ያለባቸው መብራቶች ናቸው። ካሜራ ሌት ተቀን ያያቸዋል። የሰሙ አነሳስ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ስለማይሆን፣ የምስሉ ቁጥሮች ለኢንተርኔት ምስጢር መቆለፊያ ግብዓት ይሆናሉ። የለንደኑ ቢሮ በመብራት ፈንታ የሚወዛወዙ ድርብ ፔንዱለሞች አሉት። ስለዚህ አንዳንድ ድረ ገጽ ስትከፍት፣ ከቁልፉ ጀርባ የሆነ አገር ግድግዳ ላይ የሚንሳፈፍ ሰም ሊኖር ይችላል ማለት ነው። እኔን እንዲህ ያለ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሊያስነብበኝ ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ ግን ሳቅ የማያመጣ ታሪክም አለ። ኤዲ ቲፕተን አይዋ ግዛት ላይ የብዙ ግዛቶች ሎተሪ በሚያወጣ ማኅበር ውስጥ የኢንፎርሜሽን ደህንነት ኃላፊ ነበር። ቁጥር የሚያወጣውን ሶፍትዌር ሲጽፍ፣ በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ጥቂት ቀናት ብቻ ውጤቱ ሊገመት የሚችል እንዲሆን አድርጎ ጻፈው። በቀሩት ቀናት ሁሉ ማሽኑ ንጹሕ ነው፤ የፈተሸው ሁሉ ያመሰግነዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 የ16.5 ሚሊዮን ዶላር ቲኬት ሲገዛ የነዳጅ ማደያ ሱቅ ካሜራ ቀረጸው፤ ነገሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2017 ጥፋቱን አምኖ እስከ 25 ዓመት እስር ተፈረደበት። የተያዘው በኮዱ እንዳይመስላችሁ። ያስያዘው ሱቅ ውስጥ የታየው መልኩና ድምፁ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ይህን አያቶቻችን ያለ ኮምፒውተር ደርሰውበታል። ይሁንና ይህን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ የእማማ ጥያቄ አንድ ስንዝር አልተነካም። እሳቸው «እንዴት አወጣኸው?» አላሉም። ሽሽታውም ሰሙም የሚመልሱት አወጣጡን ነው። የእሳቸው ጥያቄ «እኔ እዚያ ውስጥ ነበርሁ ወይ? ከእኛ ሌላስ ማን ነበረ?» የሚል ነበር።

ሐምሌ 1 ቀን 2014

ይህን ቀን ኮንዶሚኒየም የሚጠብቅ ሰው አይረሳውም። የ20/80 14ኛ ዙር እና የ40/60 3ኛ ዙር፣ በድምሩ 25,491 ቤቶች። 18,648ቱ የ20/80፣ 6,843ቱ የ40/60። ከንቲባዋ ባሉበት፣ በኮምፒውተር፣ በአደባባይ ወጣ። የኛ ብሎክ ተከራይ ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ ነበር። የደረሰው አለቀሰ፣ ያልደረሰውም አለቀሰ።

ቀናት ሳይቆጠሩ የከተማ አስተዳደሩ ራሱ ወጥቶ ዕጣው መሰረዙን አስታወቀ። ለዕጣው ብቁ ያልነበሩ ሰዎች ዳታው ውስጥ ተገኝተዋል ተባለ፤ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ተጠርጥረው ተያዙ፤ በኅዳር 2015 ዕጣው እንደ አዲስ ወጣ። ይህን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው።

ያን ሰሞን ወሬያችን ሁሉ ስለ ሶፍትዌሩ ነበር። ማን ሠራው፣ ማን ፈተሸው፣ ሊጠለፍ ይችላል ወይ፣ ውጭ አገር ነው ወይ የተሠራው። ታክሲ ውስጥም ለቅሶ ቤትም ይኸው ነበር። ግን የተነገረንን እንደ ተነገረ ብንወስደው፣ ችግሩ የተገኘው ዳታው ላይ ነው። ኮፍያው ውስጥ መግባት የሌለበት ወረቀት ገባ ማለት ነው። ወረቀቱ ከገባ በኋላ የሚያወጣው ሕፃን መልአክ ቢሆንስ? ሳን ፍራንሲስኮ ያለው መብራት ሁሉ ቢበራስ? ንጹሕ አወጣጥ ከቆሸሸ ዝርዝር ላይ የሚያወጣው የቆሸሸ ውጤት ነው። እንዲያውም ይብሳል፤ አወጣጡ ንጹሕ መሆኑ ዝርዝሩን ማንም ዞር ብሎ እንዳያየው ይሸፍነዋል።

እንግዲህ ያቺ እናት ኮሚናሉ በር ላይ የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ኮምፒውተር አያውቁም፤ ዝርዝር ግን ያውቃሉ። የቀበሌ ስኳር ሲከፋፈል፣ የእድር ዕቃ ሲቆጠር፣ ስምህ ከመዝገቡ ወድቆ ከተገኘ የቀረው ክርክር ሁሉ ከንቱ መሆኑን የሚያውቅ ትውልድ ነው። እኛ የዞረውን ጎማ ስናይ እሳቸው መዝገቡን ፈለጉ።

ሌላም ነገር አስተዋልሁ። ዕጣ በወጣ ቁጥር ጋዜጣ ላይ ተዘርግቶ የማየው የባለዕድለኞች ስም ነው። ገጽ በገጽ፣ በትንንሽ ፊደል። ሰው ስሙን በጣቱ ሲፈልግ ያድራል። ዕጣው ውስጥ የነበሩትን ሁሉ፣ ያልደረሳቸውንም ጨምሮ የያዘ ዝርዝር ግን ዓይኔ ገብቶ አያውቅም። የወጣውን ወረቀት አንብበውልናል፣ ኮፍያውን ግን አልገለበጡትም።

ቨርጂኒያና የሸክላው ሳህን

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ፤ የግዛት ፖለቲካ ዜና ውስጥ እንደዚህ ደስ ያለኝ ታሪክ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ቨርጂኒያ ግዛት የምክር ቤት ምርጫ አደረገች። በ94ኛው ወረዳ ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ እና ዴሞክራቷ ሼሊ ሲመንድስ ተወዳደሩ። በድጋሚ ቆጠራ ሲመንድስ በአንድ ድምፅ አሸነፈች ተባለ። በማግሥቱ ሦስት ዳኞች አንድ አወዛጋቢ የድምፅ ወረቀት ለያንሲ ይቆጠር አሉ። እኩል ሆኑ፦ 11,608 ለ11,608። ወንበሩ ደግሞ ተራ ወንበር አልነበረም፤ ምክር ቤቱን ማን እንደሚመራ የሚወስን ነበር። የግዛቲቱ ሕግ እኩል ከሆኑ በዕጣ ይለዩ ይላል።

ኢንተርኔት የተወለደበት አገር ነው፤ ላቫ ላምፑም ያለው። ምን አደረጉ መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 2018 የሁለቱን ስም ወረቀት ላይ ጻፉ፣ እያንዳንዱን ወረቀት አንድ አንድ የፎቶ ፊልም መያዣ ጣሳ ውስጥ ከተቱ፣ አንድ የግዛቲቱ ሸክላ ሠሪ ከሠራው ሳህን ውስጥ ጨመሩ፣ በቴሌቪዥን ፊት አማሰሉና አንዱን አወጡ። ያንሲ። ከዚያ ሁለተኛውንም ጣሳ ከፍተው የሲመንድስ ስም እንዳለበት አሳዩ። የቀረውንም ዘረገፉት።

ምክር ቤቱ 51 ለ49 ሆኖ ለሪፐብሊካኖች ቀረ። ሲመንድስ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ተወዳድራ በመራጭ ድምፅ ገባች። የግዛት ሥልጣን የሚያህል ነገር በሳህን ሲወሰን ማየት ያስቃል። ነገር ግን ሳህኑ የተዘጋጀው ላሸነፈው አይደለም፤ ያሸነፈ ሰው ማስረጃ አይፈልግም። ሁለተኛው ጣሳ የተከፈተው ለተሸነፈችው ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚለው ተረታችን ከዚህ የበለጠ ቦታ የሚገጥምበት አላውቅም።

ወረቀትና ሳህን ቅዱስ ነው እያልሁ ግን አይደለም። ያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1969 ለቬትናም ጦርነት ወጣቶችን በዕጣ ስትመለምል 366 የልደት ቀኖችን በ366 ሰማያዊ እንክብል ከትታ በቴሌቪዥን አወጣች። እንክብሎቹ ግን በወር በወር ተራ ነበር የገቡት፤ በደንብ አልተማሰሉም። የታኅሣሥ ልጆች በብዛት ቀድመው ወጡ፤ ቀድሞ መውጣት ደግሞ ወደ ጦር ሜዳ ቀድሞ መሄድ ነው። ሞት ያለበት ዕጣ በማማሰያ ጉድለት ተዛባ። ይህ እንዴት ታወቀ? ውጤቱ ቀን በቀን፣ ቁጥር በቁጥር ስለታተመ ነው። የስታትስቲክስ ሰዎች ወረቀትና እርሳስ ይዘው አሰሉት፣ ጋዜጣ ላይ ተጻፈ፣ በቀጣዩ ዓመት አወጣጡ ተቀየረ። የተበላሸውን ያስተካከለው ከውጭ ያለ ሰው ሊያየው መቻሉ ነው።

መሐንዲሶቹ ለራሳቸው እንዴት ያወጣሉ

አሁን ወደ መጨረሻው ግኝቴ ልምጣ፤ ለጸሐፊያችን ሳሳየው ዓይኑ የበራው በዚህ ነው።

ኢንተርኔት እንዴት እንደሚሠራ ደንብ የሚያወጣ፣ አይኢቲኤፍ የሚባል የመሐንዲሶች ማኅበር አለ። መሪዎቹን የሚመርጥ ኮሚቴ አለው፤ የኮሚቴው 10 ድምፅ ሰጪ አባላት ከበጎ ፈቃደኞች መካከል በዕጣ ይለያሉ። እንግዲህ በዓለም ላይ ኮምፒውተር ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እርስ በርስም ይተዋወቃሉ። በዚያው ልክ «ኮምፒውተሩ መረጠው» የሚል ሰው አያምኑም፤ ስለሚያውቁት።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2004 አርኤፍሲ 3797 በሚል ቁጥር ባወጡት ሰነድ እንዲህ ያደርጋሉ። በመጀመሪያ የተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ተራ ቁጥር ተሰጥቶት በአደባባይ ይወጣል፤ የጎደለ ወይም ያለ አግባብ የገባ ካለ ሰው ይጮኻል፣ ይታረማል፣ ይዘጋል። ቀጥሎ፣ ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ በታወቀ ቀን የሚወጣ የሎተሪ ቁጥር፣ ማለትም ተራ ሕዝብ የሚቆርጠው ሎተሪ፣ መነሻ እንደሚሆን አስቀድሞ ይነገራል። ቀመሩም ታትሟል። ሎተሪው በወጣ ምሽት ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ቁጥሩን ቀመሩ ውስጥ ይጨምርና አሸናፊዎቹን ራሱ ያወጣል። ሰብሳቢው የሚያስታውቀው ሁሉም ያሰላውን ነው። ተሸናፊው የሰብሳቢውን ሐቀኝነት ማመን አይጠበቅበትም፤ ካልኩሌተር ይበቃዋል።

ይህን ወደ አዲስ አበባ ስናመጣው የሚነሳ ክርክር አለ፤ ተገቢም ነው። የብዙ ሺህ ሰው ስምና ቁጠባ አደባባይ ይሰቀላል ወይ? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321 በ2016 ወጥቷል፤ ቀልድ አይደለም። ግን ስም አያስፈልግም። የምዝገባ ቁጥር ብቻ ይበቃል፤ እኔ የራሴን አውቃለሁ፣ ጎረቤቴ የራሷን ታውቃለች። የመስመሮቹ ብዛት ብቻ እንኳ ብዙ ይናገራል። ባንኩ ብቁ ቆጣቢዎች ይህን ያህል ናቸው ካለና ዝርዝሩ ከዚያ የበለጠ መስመር ካለው፣ ይህን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ስልክ የሚይዝ ተማሪ ይቆጥረዋል።

የምዝገባ ቁጥር የምለው ለሌላ ምክንያትም ነው፣ ይኸኛው የኛው የቤት ጣጣ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሻ 256 የሚባለውን ስሌት በነፃ የሚሠሩ ገጾች አሉ። ጽሑፍ ትሰጠዋለህ፣ 64 ፊደልና አኃዝ ያለው አሻራ ይመልስልሃል። ከጽሑፉ አንዲት ነጥብ ብትነካ አሻራው ከሥሩ ይለወጣል። ዝርዝር ሲዘጋ አሻራውን ጋዜጣ ላይ ማተም ማለት፣ በኋላ አንድ ስም ቢጨመር ወይም ቢወጣ ወዲያው ይታወቃል ማለት ነው። ይህን ስሞክር የሠፈራችንን ሰዎች ስም እያስገባሁ ተጫወትሁ። ኃይሉን በብዙኃኑ «ኀ» ጻፍሁት፣ አንድ አሻራ ሰጠኝ። በሐመሩ «ሐ»፣ ፈጽሞ ሌላ። በሃሌታው «ሀ»፣ ሦስተኛ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ሰዎች ናቸው። በእኛ ፊደል በስም ብቻ የተሠራ ዝርዝር አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ዕጣ ውስጥ ሊያስገባው፣ ሌላውን ደግሞ «ስምህ አይገኝም» ሊያሰኘው ይችላል፤ ያለ ማንም ተንኮል። የቀበሌ መስኮት ላይ ቆሞ «በየትኛው ሠ ነው?» የተባለ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል።

«ይህን ሁሉ ማን ቁጭ ብሎ ያሰላል?» የሚል አይጠፋም። ሁሉም ማስላት የለበትም። የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያሉ አሥር ነገረኛ ወጣቶች ይበቃሉ። እንዲህ ያሉ ልጆች ሞልተውናል፤ ዛሬ ጊዜያቸውን የሚፈጁት በተቆራረጠ ቪዲዮ ላይ ሲጨቃጨቁ ነው። የሚቆጠር ነገር ስጧቸው።

መነሻ ቁጥሩ ምን ይሁን የሚለው ላይ ብዙ አሰብሁ። አንድ ወዳጄ የዕለቱን የዶላር ምንዛሪ ሐሳብ አቀረበ፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ እሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ማን አለ ብሎ። ሳቅሁ፤ ግን አይሆንም፤ ጠዋት ቁጥሩን የሚጽፈው ሰው ያውቀዋል። ብሔራዊ ሎተሪ ይሻላል፤ ዕጣው ዱሮም በሰው ፊት የሚወጣ ነው፣ ቲኬቱን የያዘው ብዙ ሺህ ሰው ደግሞ ከእኛ ጋር ሆኖ ይጠብቀዋል። ካልታመነም የአንድ ጎረቤት አገር ሎተሪ ይደመርበት። ቀመሩ አይሰለችም።

ገንዘብ አይጠይቅም ይህ ሁሉ። ቀመሩ ከ20 ዓመት በላይ በነፃ ተሰቅሎ ቆይቷል፤ የሚያስፈልገው ጥቂት የጋዜጣ ገጽ ወይም አንድ የሚወርድ ፋይል ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው የዕጣ መግለጫ ላይ እጁን ለሚያወጣ ጋዜጠኛ ጥያቄዎቼን ላዋሰው። ዝርዝሩ የተዘጋው በየትኛው ቀን ነው? ስንት መስመር አለው? ከዕጣው በፊት የት ገብተን እናየዋለን? ሶፍትዌሩን ማን እንደሠራው መጠየቁን ከቻለ ለሌላ ጊዜ ያቆየው፤ እሱን ሲጠይቁ ደጋግሜ ሰምቻለሁ።